ጋሽ መክብብ ዋስ የጠራ ዕለት

የጋሽ መክብብን መሞት የነገረኝ ወርቁ ነው። ወርቁ ደባርቅ ወባ ጣቢያ አብረን ስንሠራ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። አሁን ጎንደር ልጁ ዘንድ ነው የሚኖረው፤ ስልክ ከደወለ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ሊሞት የሚያጣጥር ሰው አለ። "መክብብ አረፈ" አለኝ። "አዲስ አበባ ነው የተቀበረው። በአርባው ላይ የሥራ ባልደረቦቹ ስለሱ ይናገራሉ ተብሏል፤ ሳልጠይቅህ ያንተንም ስም ሰጥቻለሁ።" ነፍስ ይማር አልኩ። ከአንገት በላይ ይሁን ከልቤ፣ እስካሁን አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ስቀመጥ ባለቤቴ ፊቴን አየችና ማን እንደሞተ ጠየቀችኝ። ስነግራት "ያ ያንተ መክብብ?" አለች። ይህን ያህል ዓመት አልፎ፣ ይህን ያህል ረግሜው፣ እኔ ቤት ውስጥ ሰውየው አሁንም የኔ መክብብ ነው።

በአርባው ላይ የሚባለውን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። ታላቅ ተመራማሪ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው። ሰው ወዳድ ነበር ይባላል፤ እሱም እውነት ነው። እኔ የማውቀውን እዚያ ቆሜ ብናገር ልጆቹን በአባታቸው ተዝካር ላይ ማሳዘን ይሆናል። ስለዚህ አልሄድም፤ እዚሁ እጽፈዋለሁ።

ወደ ደባርቅ የመጣው አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የነፍሳት ተመራማሪ ይመጣል ሲባል ቦርሳ አስያዥ፣ ቦርጫም ሰው ነበር የጠበቅነው። ከአውቶቡሱ የወረደው ግን ረጅም፣ ቀጭን፣ የመነጽሩ አንድ ጎን በክር የታሰረ ሰው ነው። ሻንጣውን ልቀበለው ስል "ተወው፣ ውስጥ ያሉት ካንተ ጋር ገና አልተዋወቁም" አለኝ። ሻንጣው በብልቃጥ የተሞላ ነበር።

ኪሰ ብዙ የካኪ ካፖርት ነበረው፤ ክረምት ከበጋ አያወልቀውም። በየኪሱ የክብሪት ቀፎ፣ በየቀፎው ውስጥ ደግሞ ትንኝ ነው። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሲጋራውን ከንፈሩ ላይ ሰክቶ "ጓድ መክብብ፣ እሳት" ቢለው፣ ሳያስብ አንዱን ቀፎ አቀበለው። ሊቀ መንበሩ ሲከፍተው ትንኟ ወጥታ ጉንጩ ላይ አረፈች። ያን ጊዜ በሊቀ መንበር ላይ መሳቅ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን፤ ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን። ጋሽ መክብብ ግን ጎንበስ ብሎ "እባክህ አትነቃነቅ፤ የያዝካት ብርቋን ነው" እያለ በብልቃጥ አፍ ከጉንጩ ላይ አነሳት። ሊቀ መንበሩ ራሱ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ እኛም ሳቅን።

የምትናከሰው ሴቷ ብቻ መሆኗን ያስተማረን እሱ ነው። "እመቤቴ" ነበር የሚላት። "ወንዱማ ምስኪን ነው፤ የአበባ ውሃ ልሶ ያድራል" ሲል፣ ወርቁ ከመጋዘኑ በር ላይ ሆኖ "እንደኔ" ይል ነበር። ሌላው አመሉ "አጣርተሃል?" ማለት ነው። ሌሊት ዘነበ ካልከው፣ አጣርተሃል? እንትና ተሾመ ካልከው፣ አጣርተሃል? ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለደች ዕለት ቢሮ እየሮጥኩ ገብቼ "ወንድ ነው" ብለው "አጣርተሃል?" አለኝ። ወዲያው ካፖርቱን አንስቶ ከኔ ቀድሞ ቤቴ ደረሰ። ልጁን ተቀብሎ ብርሃን ወዳለበት ወስዶ አየና "ትክክል ነው" አለ፤ አራሷ ቁስሏን እስኪያማት ሳቀች። የልጁም የክርስትና አባት ሆነ። ከዚያ ወዲያ አለቃዬ ብቻ አልነበረም፤ አበልጄም ነበር።

እኔ ራሴ ያን ጊዜ ማን ነበርኩ? ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ፓምፕ ተሸክሜ ቤት የምረጭ የዳባት ልጅ ነኝ። እሱ ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀምጦ ክንፏን፣ እግሯን፣ ሆዷን አሳየኝ። ስሳሳት አይቆጣም፤ ብልቃጡን ከእጄ ወስዶ እንደገና ይሰጠኛል፣ እንዳላየኋት ሆኜ እንድጀምር። ሰው ፊት "ባልደረባዬ ሞላ" ብሎ ነበር የሚያስተዋውቀኝ። ባስተማረኝ ሥራ እስከ ጡረታዬ እንጀራ በላሁ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

አሁን ወደ ጣልያኑ ልምጣ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከሱ ነውና። ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ የሊማሊሞን መንገድ ሲቆርጥ፣ ከገደሉ ግርጌ ቆላ ላይ የሰፈሩ ሠራተኞቹ በወባ አለቁበት። ትንኟን የሚያጠና ሐኪም ላከ። ሐኪሙ ዛሪማ ወንዝ ዳር ድንኳን ተከለ። በጭቃ ሹሙ በኩል ከየቤቱ አንዳንድ ወንድ እየታዘዘ ድንኳኑ ውስጥ ያድራል፤ ከጎናቸው ጥጃ ይታሰራል። ጠዋት የድንኳኑ አፍ ይዘጋና ትንኙ ይለቀማል፤ የትኛዋ ከሰው፣ የትኛዋ ከጥጃ እንደጠጣች ተለይቶ ይጻፋል። ሰዎቹ ለትንኝ መኖ ነበሩ ማለት ነው።

የዚህን ጥናት መጽሐፍ ጋሽ መክብብ ጎንደር ውስጥ ከአንድ አሮጌ መሥሪያ ቤት ዕቃ ተጠርጎ ሲጣል አገኘው። ጣልያንኛ የሚያውቅ ሽማግሌ መካኒክ ፈልጎ፣ እሱ ጋራዡ ውስጥ ተንበርክኮ ፊደል እየቆጠረ ሲያነብ፣ መካኒኩ መኪና ሥር እንደተኛ ትርጉሙን ይጮህለት ነበር። "ሰውየው ፋሽስት ነው፤ ሥራው ግን ንጹሕ ነው" ይለን ነበር መጽሐፉን እያገላበጠ። ይህን ሲል ደስ አይለኝም። እናቴ የቆላ ልጅ ናት፤ የዚያን ድንኳን ወሬ በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። ግን ማን ነኝና ተመራማሪ አርማለሁ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጣልያኑ ትንኝ የቆጠረባቸው ሁለት መንደሮች ዛሪማ ዳር አሁንም አሉ፤ አንዱ ላይኛው መንደር ይባላል፣ ሌላው ማይ ዳዕሮ። በነዚያው ወራት፣ በነዚያው መንደሮች እንደገና ቢቆጠር ትንኟ ጠባይዋን ለውጣ እንደሆነ፣ የምንረጨው መድኃኒት ዲዲቲም አሁንም ይገድላት እንደሆነ ይታወቃል። ይህ በወረቀት ከተረጋገጠ መንግሥት ቆላውን በሙሉ ያስረጫል። እስከዚያ የሚረጨው ለመንግሥት እርሻዎች ነበር፤ ገበሬው ንዳድ ሲይዘው ነጭ ሽንኩርቱን በልቶ ይተኛል። ጋሽ መክብብን ይህ ያንገበግበው ነበር። ሰው በድንኳን ማሳደሩን ትቶ የራሱን ዘዴ አዘጋጀ፤ ለበላይ አለቆች ጻፈ፣ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አስፈቀደ። በሐምሌ ማይ ዳዕሮ ወረድን።

ማይ ዳዕሮ የእናቴ አገር ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሕዝቡን የሰበሰበው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ነው፤ በሌላ ቀን ቢጠራ የሚመጣለት የለም። ጋሽ መክብብ ተነሥቶ ያለ አንዳች የመፈክር ቃል ተናገረ። ቤታችሁ ገብተን ትንኝ እንልቀም፤ ስንጨርስ፣ ለመስቀል፣ ቤቱን ሁሉ እንረጭላችኋለን አለ። ከዚያ አጎቴ አያ ገላው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ መንደሩ ያለሳቸው አፍ አይከፍትም።

"ጌታው፣ እኔ በዚያ ድንኳን ያደርሁ ሰው ነኝ" አሉ። "ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጥጃው እንዳይረግጠን እንኳ ይጠነቀቅ ነበር። ለንዳዱ የሚሆነው ኪኒን በሣጥን ተቀምጧል። ሥራው ሲያልቅ የናንተ ነው አለን፣ በአስተርጓሚ። ጦርነቱ ሲመጣ ሣጥኑን በበቅሎ ጭኖ ሄደ። አብረውን ካደሩት ስንቱን ቀበርን። እና ጌታው፣ አሁን ለመስቀል እንረጫለን የሚሉትን ማን ይያዝልን?"

ሊቀ መንበሩ ብድግ ብሎ "አብዮታዊ መንግሥታችን ነዋ፣ ጓድ ገላው" አለ።

"መንግሥትማ መንግሥት ነው፤ እኔ የምለው ደጃፉ ድረስ ሄጄ የምጠይቀው ሰው ነው እንጅ" አሉ አያ ገላው። ከኋላ ያሉት "ዋስ ይጥሩ፣ ዋስ ይጥሩ" አሉ።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእናቴ አገር ዋስ መጠራት ተራ ነገር አይደለም። ቃል የገባው ሰው ቃሉን ቢያጥፍ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ዕድሜህ ቢገፋ፣ ልጅ ብትወልድ፣ ደመወዝ ቢኖርህ፣ ዋስ ተብለህ እስክትጠራ ድረስ ገና ልጅ ነህ። እኔን እስከዚያ ዕለት ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። የዳባት ሰው ልጅ፣ የመንግሥት ተቀጣሪ፣ ለፋሲካ መጥቶ የሚሄድ ዘመድ ነበርኩ።

ጋሽ መክብብ ወደኔ ዞር አለ። አስቀድሞ አንዲት ቃል አልነገረኝም። "ዋሴ ሞላ ነው" አለ።

ሰው ሁሉ አየኝ። ደስታም ነበር፣ ኩራትም ነበር። ብድግ ብዬ "ዋስ ነኝ" አልኩ። አያ ገላው ራሳቸውን ነቀነቁና ተቀመጡ። ስብሰባው በዚያው አለቀ።

ሥራው እንደተጀመረ ሌላ ጣጣ መጣ። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ጠዋት ቤቱ ውስጥ ነጭ አቡጀዲ ይነጠፋል፣ ፍሊት ይነፋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የወደቀው ትንኝ ከጨርቁ ላይ ይለቀማል። እኛ አቡጀዲውን ተሸክመን ስንመጣ ሴቶቹ በራቸውን ዘጉብን። የአያ ገላው ልጅ ስንዱ ደጃፉ ላይ ቆማ "ሰው ያልሞተበት ቤት ምን ብላችሁ መግነዝ ታነጥፋላችሁ?" አለችን። አቡጀዲ በነሱ ዘንድ ለሬሳ ነው፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ሆኜ አላሰብኩትም። ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወላጆቿ ቤት ልትወልድ የመጣች ነበረች፤ ባሏ ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዷል። እርጉዝ ሴት እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንዴት ታልፈዋለች።

ጋሽ መክብብ አልተከራከረም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካሰበ በኋላ "ማታ የምትለብሱት ጋቢ ይነጠፍ፤ ነጭ እስከሆነ ድረስ ይበቃናል" አላት።

"ጋቢዬ ፍሊት ፍሊት ሊሸት?"

"እኔ አጥበዋለሁ።"

አጠበውም። ሱሪውን ሰብስቦ ዛሪማ ውስጥ ገብቶ፣ እንዶድ ወቅጦ፣ የየቤቱን ጋቢ ሲረግጥ ሴቶቹ ዳር ላይ ተደርድረው ይስቁበት ነበር። የመንግሥት አለቃ የገበሬ ጋቢ ሲያጥብ ያየ የለም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የማይከፈትለት በር አልነበረም። ስንዱ ራሷ ከእኛ ሁሉ የፈጠነች ለቃሚ ሆነች፤ ትንኟን እግሯ ሳይሰበር በጣቷ ጫፍ ታነሳታለች። "ረዳቴ" ይላት ነበር። "አንቺ ስትወልጂ እዚህ ቤት ትንኝ የሚባል አይኖርም" ሲላት ሰምቻለሁ፤ ልጁ ወንድ ይሁን ሴት እሱ መጥቶ እንደሚያጣራ ነግሯት ስቃለች።

በጳጉሜ ላይኛው መንደር ተረጨ። የማይ ዳዕሮ ሰው ተራውን ጠበቀ። ጋሽ መክብብ የቀረውን ዲዲቲ ላፋጥን ብሎ ደባርቅ ወጣ፤ እኔ ከለቃሚዎቹ ጋር እዚያው ቆየሁ። መስቀል ደረሰ፤ ደመራው ተለኮሰ፤ መኪና አልመጣም። የሚልከው ቃል አንድ ነበር፤ ሊማሊሞ ላይ ሽፍታ ስላለ መንገዱ ተዘግቷል፣ ታገሱ። አመንኩ። ያን ጊዜ መንገድ በየሳምንቱ ይዘጋል፤ ደግሞስ እሱን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው። አያ ገላው አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ጠዋት ጠዋት ብቻ "ሞላ፣ ወሬ አለ?" ይሉኛል። "በቅርቡ ነው፣ አያ" እላለሁ። ይህችን ጥያቄ እየፈራሁ ከሰፈሩ ጀርባ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ።

ጥቅምት ሲገባ ንዳዱ መጣ። ከየቤቱ አንድ ሁለት ሰው ተኛ። የያዝነው የወባ ክኒን፣ ክሎሮኪኑ፣ አለቀ። ከዚያ ስንዱ ተኛች። ሲያንቀጠቅጣት ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ "ልጁን እንዳያናውጥብኝ" ትል ነበር። ባለፈው ሳምንት ትንኝ የለቀመችበትን ጋቢ ደራርበን አለበስናት። እኔ ሊማሊሞን ለመውጣት ተነሣሁ።

የተዘጋ መንገድ አላየሁም። በየጠመዝማዛው መኪና ይወርዳል፣ መኪና ይወጣል፤ እኔን ራሴን እህል የጫነ መኪና አንስቶ ደባርቅ አደረሰኝ። ሾፌሩን ሽፍታውስ ብለው "የምን ሽፍታ?" አለኝ። ልቤ እዚያው ነገረኝ፤ ግን አፌ እምቢ አለ። መጋዘኑ ጋ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የዲዲቲው በርሜሎች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ወርቁ አየኝና ዓይኑን ሰበረ።

"ይህ መቼ መጣ?"

"ከላይኛው መንደር ድርሻ ጋር አብሮ ነው የመጣው።" በእግሩ መሬት ጫር ጫር አደረገ። "ማይ ዳዕሮ እንዳይወርድ ብሏል። እኔ ምን ላድርግ፣ ሞላ? ትእዛዝ ነው።"

ጋሽ መክብብ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ።

"ዲዲቲው መጋዘን ውስጥ ነው" አልኩት።

እጁ ወደቀ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። "አዎ" አለ።

"መንገዱ ተዘግቷል ብለህ ነበር።"

"ብያለሁ። ተቀመጥ።"

አልተቀመጥኩም። እሱ ግን ሁልጊዜ እንደሚያስረዳኝ፣ በትዕግሥት፣ አስረዳኝ። አንዱ መንደር ካልተረጨ የተረጨው ምን እንዳተረፈ አይታወቅም። ሁለቱንም ከረጨ ጥናቱ ባዶ ነው፤ ጥናቱ ባዶ ከሆነ ከርሞ ለቆላው ገበሬ አንዲት በርሜል የሚሰጥ የለም። "አንድ ወቅት ነው፣ ሞላ። ለኅዳር ሚካኤል እንረጫለን። ከዚያ በኋላ እስከ ተከዜ ድረስ ያለው ሕዝብ ይድናል። አንተ ይህ ይገባሃል።"

"ስንዱ ታማለች።"

ተነሥቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተና የክሎሮኪኑን ብልቃጥ በሙሉ ወረቀት ላይ ገለበጠው፤ መሬት የወደቀውን ለቀመ። "ቶሎ ድረስላት" አለኝ።

"በርሜሉን ስጠኝ። መኪናውን ስጠኝ።"

"አልችልም።"

"ዋስ ስትጠራኝ ይህን ታውቅ ነበር?"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ቢዋሸኝ ኖሮ ዛሬ ድረስ ባመንኩት፤ ሊዋሸኝ ይችል ነበር። "አውቅ ነበር" አለ። "ሌላ ሰው ብጠራ አያምኑኝም። ላንተ አስቀድሜ ብነግርህ ደግሞ እሺ አትለኝም።"

ይህን ያለኝ ክንፍና እግር ባስተማረኝ በዚያው ለስላሳ ድምፅ ነው። ልመታው አሰብኩ፤ አልመታሁትም። ጣልያኑ የአጎቴን መንደር ጠመንጃ ይዞ ነው የመጣበት፤ ማንም አላመነውም፣ ስለዚህ ማንንም አልከዳም። ይህ ግን ጋቢያቸውን አጥቦላቸዋል፤ ልጄን አቅፎ ክርስትና አንስቷል። እምነታችንን ልክ እንደ ፍሊቱ ለሥራው ነበር የፈለገው። ይህ የገባኝ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ አይደለም፤ ውሎ አድሮ ነው።

ስወጣ ወርቁ መጋዘኑን ቆልፎ ቆሟል፤ ቁልፉን ለመንኩት፤ አልሰጥም አለኝ። በርሜል በጀርባ ተሸክሞ ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው የለም። ክሎሮኪኑን ይዤ መንገድ ስጀምር ጋሽ መክብብ ከኋላዬ እየሮጠ መጣ። ካፖርቱን አውልቆ "ብርድ ነው፣ ልበስ" አለኝ። የደባርቅ ብርድ እውነትም አጥንት ይሰብራል። ለበስኩት፤ ያን ካፖርት መልበሴ እስካሁን ያናድደኛል። በየኪሱ የክብሪት ቀፎዎቹ ይንኳኳሉ። በየጠመዝማዛው አንዳንዱን እያወጣሁ ወደ ገደሉ እየወረወርኩ ወረድኩ።

ስደርስ ስንዱ መዋጥ አቁማለች። ክኒኑን በውሃ በጥብጠን ብናንቆረቁርላት ከከንፈሯ ዳር ፈሰሰ። በማግሥቱ ከነልጇ ሞተች። የቀረውን ክሎሮኪን ለሌሎቹ ሰጠሁ፤ አብዛኞቹ ዳኑ። ለመገነዣዋ የሚሆን አቡጀዲ በመንደሩ አልነበረም፤ ለትንኙ ይዘን ከመጣነው የተረፈው ነው የተገነዘችበት።

በሣልስቷ ሽማግሌዎቹ አያ ገላው ደጃፍ ተቀምጠው አስጠሩኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ዲዲቲው ደባርቅ እንዳለ፣ እያወቀ እንደያዘው፣ እኔ እንዳላወቅሁ። ማልኩላቸው። እንዲቆጡኝ፣ ካሣ እንዲያስከፍሉኝ፣ እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር። አያ ገላው ልጃቸውን ቀብረው የመጡ ሰው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

"እንዳላወቅህ እናውቃለን፣ ልጄ" አሉኝ። "ከዋስነቱ አውጥተንሃል። ጥፋቱ የኛ ነው። ዋስ የሚጠራው እኮ የሰውየውን ሆድ የሚያውቅ ነው። አንተ አላወቅኸውም፤ እኛም ሳንጠይቅህ ተቀበልንህ።" ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው እህል እንድቀምስ ወደ ቤት አስገቡኝ።

ጋሽ መክብብ ያለው ሁሉ ሆነ። ኅዳር ላይ ማይ ዳዕሮ ተረጨ፤ እኔ አልወረድኩም። ጥናቱ ለበላይ ቀረበ፣ ተመሰገነ፤ በከርሞው ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ታች ድረስ ቆላው ተረጨ። ስንት ሰው በሱ እንደዳነ እግዚአብሔር ይወቅ። እሱን ደግሞ ለትምህርት ወደ ውጭ ላኩት። ከመሄዱ በፊት ቤቴ መጣ። እኔ ጓዳ ገባሁ። የክርስትና ልጁን አቅፎ ሲጠብቀኝ ቆየ፤ ባለቤቴ ያቀረበችለትን አልነካም። ሲወጣ "ንገሪው" ብሎ ጀመረና ተወው። ምን ሊል እንደነበር ባለቤቴ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች፣ እኔ የማውቅ ይመስል። ያየሁት የመጨረሻ ነገር በጓዳው ቀዳዳ ጀርባውን ነው።

በሌላ ዓመት የስንዱ ወንድም ታከለ ሚስት ሲያገባ ማይ ዳዕሮ ወረድኩ። ሙሽራዋ የላይኛው መንደር ልጅ ናት። ዳሱ ውስጥ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው ውሉ ከተነገረ በኋላ የወንዱ ወገን ዋስ እንዲጠራ ተጠየቀ። በዚያ ዳስ ውስጥ ለዋስነት ከኔ የቀረበ ዘመድ አልነበረም፤ የእህታቸው ልጅ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነጠላዬን አስተካከልኩ። አያ ገላው ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው አለፈኝና ከዓዲ አርቃይ እህል ሊገዛ መጥቶ ለድግሱ የቀረ አንድ ነጋዴ ጠሩ። ነጋዴው ራሱ ደንግጦ ወደኔ ዞረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣና "ዋስ ነኝ" አለ።

ጠላው ሲቀዳ አያ ገላው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። "ክፉ እንዳትይዝብኝ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔስ አንተን መጥራት ጠልቼ አይዶለም። የሙሽራዋ ወገኖች አይቀበሉህም ብየ ነው።"

"እሺ፣ አያ" አልኳቸው።

ዘፈኑ ሲጀመር ከሰዉ ወጥቼ ወደ ዛሪማ ወረድኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ደረቴ ላይ የተቀመጠውን ነገር ለአንድ ሰው ካልነገርኩት የሚወርድልኝ አልመሰለኝም። ባለቤቴ ሩቅ ናት፤ እናቴ ሞታለች፤ ወርቁን አላናግርም። ይህን ሳልጨርስ የሚገባው፣ ሰምቶኝ ዝም የሚል ሰው ማን አለ ብዬ አሰብኩ። ከጋሽ መክብብ በቀር ማንም አልመጣልኝም።